ከዘንግ ወደ ክብ መሪ፦ አዲሷ ባለ ሸራ ጀልባ እጄን አልለምድ አለች

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የሚጻፈው ስለ ባጃጅ፣ ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ደንገጎ መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ስለ ጀልባ ነው። ድሬዳዋ ባሕር እንደሌላት ልታስታውሱኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ነገሩ ገብቶኛል፤ እለፉት።

ጅቡቲ ውስጥ በዕቃ አስተላላፊነት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤተሰቤ ድሬ ስለሆነ በየወሩ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር እመላለሳለሁ። እዚያ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርብ ዓርብ የምሠራው ሳጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወሰደኝና በ4 ሜትር ተኩል ጀልባ በሸራ መሄድ ተማርሁ። የዚያች ጀልባ መሪ ዘንግ ነው። እንጨቱ ከኋላ ውኃ ውስጥ ካለው የመሪ ሰሌዳ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ውኃው ሲያንሾካሹክ እንኳ በመዳፌ ይሰማኛል። ሁለት ዓመት በእሷ ስመላለስ ባሕሩን ያወቅሁት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ወደ ሙሻ ደሴት አብሬው እንድሄድና እንዳግዘው ጠየቀኝ። የእሱ ጀልባ 11 ሜትር ተኩል ነው፤ መሪው እንደ መኪና ክብ። ከወደቡ ወጥተን ሸራው እንደተዘረጋ «ያዝ» አለኝና ቡና ሊያፈላ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ውርደት ነው።

መጀመሪያ እጄ ተገላቢጦሽ ሠራ። በዘንግ ጀልባዋ ወደ ግራ እንድትሄድ ዘንጉ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ክቡ መሪ ግን እንደ መኪና ወደሚፈለገው ይዞራል። ይህ በሩብ ሰዓት ተስተካከለ። ቀጣዩ አልተስተካከለም። መሪውን አዞራለሁ፣ ምንም የለም፤ እጨምራለሁ፣ ምንም የለም፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ትዞራለች፣ እኔም በድንጋጤ ወደ ሌላው አዞራለሁ። ወደ ኋላ ሳይ ውኃው ላይ የተውነው ዱካ ሰካራም የሄደበት ይመስላል። የባሰው ደግሞ ነፋሱ ሲጠነክር መጣ፤ ጀልባዋ አጋደለች፣ መሪው ወደ ነፋሱ መምጫ እየጎተተ ትከሻዬን ሊነቅለው ደረሰ። ሽማግሌው ቡናውን ይዞ ወጣ፣ አንድ ገመድ ለቀቅ አደረገ፣ ከዚያ መሪውን በሁለት ጣት ያዘው። ምን እንዳደረገ አልነገረኝም፤ ፈገግ ብቻ አለ።

መጋቢት ላይ እንደገና እንሄዳለን። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሥራ ፈት ከሳቢያን
ክረምት ጠብቅና ደቻቱ ወንዝ ላይ ሞክራት። ከከዚራ ተነሥተህ መጋላ ትደርሳለህ።

የደቻቱ ማዶ
በደቻቱ አትቀልድ። በ1998 ክረምት ጎረቤቶቼን ወስዷል።

ደግሞስ ባሕር ለድሬ ምን ባዕድ አለው? ከተማዋ ራሷ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነው። እዚህ የዱቄት ወፍጮና የኤሌክትሪክ ማመንጫ የነበረው ፈረንሳዊው ኦንሪ ደ ሞንፍሬድም ቀይ ባሕርን በሸራ ጀልባ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ስለ መሪ አላውቅም፤ መልሱን ግን እከታተላለሁ።

ሥራ ፈት ከሳቢያን
ልክ ነሽ፣ እህቴ። ይቅርታ።

አራት መቶ አራት (ሐረር)
ልጄ፣ እኔ የባሕር ሰው አይደለሁም። ሐረር ላይ ፔዦ 404 ታክሲ 30 ዓመት ነድቻለሁ፤ ስለ መሪ ግን ተናገር ካልኸኝ እናገራለሁ።

404 መሪውን የሚያግዝ ምንም ነገር የለውም። ቆሞ ስታዞረው ክንድህን ይጠይቃል፤ ሲንቀሳቀስ ይቀልላል፣ መንገዱንም ይነግርሃል። የሸዋ በር ድንጋይ፣ የፈረስ መጋላ ጉድጓድ፣ የተነፈሰ ጎማ፣ የላላ ብሎን ሁሉ በመሪው በኩል መዳፌ ላይ ይደርስ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው ሰፈር እንዳለሁ አውቅ ነበር ብል ጉራ ይሆናል፤ ግን ለዚያ የቀረበ ነው። ከዚያ የመጨረሻ ልጄ አዲስ መኪና ገዛ። መሪውን በኤሌክትሪክ ሞተር ያግዛል አሉኝ። ስይዘው የማላውቀውን ሰው እጅ የጨበጥሁ መሰለኝ፤ ለስላሳ ነው፣ ምንም አይናገርም። በመጀመሪያው ቀን ከደንገጎ ስወርድ በየጥምዙ ከሚገባው በላይ አዞርሁ፤ ሚስቴ ድሬ እስክንደርስ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ካለች ነገር አለ።

የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። በማግስቱ መኪናዋን ባዶ ሜዳ ላይ ወሰድኋትና መሪውን እጅ በእጅ እየለካሁ አዞርሁት። ሩብ ዙር ምን ታደርጋለች? ግማሽ ዙርስ? ቀስ ስትልና ስትፈጥን ልዩነቱ ምንድን ነው? ከአንድ ሰዓት በኋላ እጄ አወቃት። አንተም ሜዳ ፈልግ። ባሕር ላይ ደግሞ ሜዳ ሞልቶሃል።

አሁን እኔ ልጠይቅ፤ ጀልባ ስትዞር የሚዞረው ፊቷ ነው ወይስ ጀርባዋ?

የቀድሞ ባሕርተኛ (ለገሃሬ)
ድሬ ላይ አንቱታ የለም ይባላል፤ አቶ 404ን ግን አንቱ ልበል፤ የነገሩን ቁልፍ የነኩት እርስዎ ነዎት።

የሚዞረው ጀርባዋ ነው። መኪና የፊት ጎማዎቹ ይጠመዘዛሉ፣ ኋላው ይከተላል። ጀልባ ግን መሪዋ ከኋላ ነው። ወደ ቀኝ ልትዞር ስትል መጀመሪያ የሚሆነው ጀርባዋ ወደ ግራ መወርወሩ ነው፤ አፍንጫዋ ቀኙን የሚይዘው ከዚያ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ወደብ ውስጥ ሁልጊዜ አፍንጫውን ያያል፣ ሁልጊዜም በጀርባው ይመታል።

እኔ ምፅዋ ላይ ባሕር ኃይል የገባሁት በ1972 ዓ.ም. ነው። መሪ የያዝሁበት የመጀመሪያው መርከብ «ኢትዮጵያ» ይባል ነበር፤ አሜሪካኖች ለባሕር አውሮፕላኖች መደገፊያ የሠሩት፣ በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ የመጣ፣ ርዝመቱ ከ90 ሜትር በላይ። እንደዚያ ያለ መርከብ መሪ ሲሰጠው ያስባል። አንተ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ዝም ይላል፤ መዞር ሲጀምር ደግሞ ማቆም አያውቅም። ስለዚህ ትንሽ ትሰጣለህ፣ ትጠብቃለህ፣ አፍንጫው መንቀሳቀስ ሲጀምር ወደምትፈልገው ሳይደርስ አስቀድመህ ትመልሳለህ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጥበቃው ላይ ነው። የአንተ የሰካራም ዱካም ከዚያ የመጣ ነው። 4 ሜትር ተኩል የምትሆን ጀልባ ሐሳብ የላትም፤ ወዲያው ትታዘዛለች። 11 ሜትር ተኩል ያላት፣ ብዙ ቶን የምትከብድ ግን ታስባለች።

ፍጥነትንም ተመልከት። መሪው የሚሠራው በሚያልፍበት ውኃ ነው። ጀልባዋ በ2 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ ነው) ስትሄድና በ6 ኖት ስትሄድ፣ እኩል ብታዞር እንኳ በመሪ ሰሌዳው ላይ ያለው ኃይል 3 እጥፍ አይደለም፣ 9 እጥፍ ነው። ከወደብ ስትወጣ የለመድኸው እጅ ባሕሩ መካከል የተሳሳተ እጅ ነው።

ኮምፓስ ላይም አታፍጥጥ። ኮምፓሱ ዘግይቶ ነው የሚነግርህ። ሩቅ ያለ ተራራ ወይም ደመና ምረጥና አፍንጫዋ ከእሱ ጋር ያላትን ነገር ተመልከት።

ሞተረኛው (ከመርከብ ላይ)
ባሕር ዳር የተማርሁ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን የነዳጅ መርከብ ላይ በሞተር ክፍል እሠራለሁ። ጋሼ ስለ እጁ ተናገሩ፣ እኔ ከእጁ እስከ ውኃው ስላለው ልናገር።

በዘንግ ጊዜ መካከል ላይ ምንም የለም። በክብ መሪ ግን በእጅህና በመሪ ሰሌዳው መካከል ሰንሰለት፣ የብረት ገመድ፣ መዘውሮችና ገመዱ የሚጠመጠምበት ግማሽ ክብ ብረት አሉ። አንዳንዱ ደግሞ በዘይት ግፊት ይሠራል፤ ያኛው ከውኃው የሚመጣውን ስሜት ከሞላ ጎደል ይገድለዋል። እንግዲህ «አዞራለሁ፣ ምንም የለም» ያልኸው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጋሼ ያሉት የጀልባዋ ሐሳብ፣ ወይም የገመዱ መላላት። ለመለየት ቀላል ነው። ጀልባዋ ታስራ ሳለች አንድ ሰው ከታች የመሪ ሰሌዳውን ዘንግ ይመልከት፣ አንተ መሪውን ቀስ ብለህ ግራ ቀኝ አነቃንቀው። እጅህ ሄዶ ዘንጉ የማይነቃነቅበት ርቀት ካለ፣ ያ ባዶ ጨዋታ ነው። ገመዱ ይጠበቃል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን መሪው ይከብዳል፣ ስሜቱም ይጠፋል። የ404 ባለቤት ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ዙር እንደሚዞርም ቁጠር። ከዚያ መካከሉን ፈልግ፤ የመሪ ሰሌዳው ቀጥ ሲል ወደ ላይ የሚያመለክተውን የመሪውን ክንድ። ብዙ ባለ ጀልባዎች እዚያ ላይ ቀጭን ገመድ ጎንጉነው ያስሩበታል፤ በጨለማም በእጅ ይገኛል።

ሌላም አለ። አንዳንድ የመሪ ሰሌዳ ከመዞሪያ ዘንጉ ፊት ለፊትም የተወሰነ ገጽ አለው። ውኃው ያንን የፊት ገጽ ሲገፋ የኋላውን ግፊት ያቃልልልሃል፤ መሪው እንደ ላባ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ጀልባዎች እኩል ተቸግረው ሳለ አንዷ በእጅህ ላይ ስትጮህ ሌላዋ ዝም ልትል ትችላለች። የቀለለ መሪ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

የጁገል ልጅ (ቶሮንቶ)
አሁን ሐረር ለዕረፍት መጥቼ ነው ያገኘኋችሁ። ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ ዘጠኝ በጋ በሸራ ሄጃለሁ። ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ መሪው እያወራችሁ ነው፤ ልጁን ያስቸገረው ግን ሸራው ነው።

ጀልባ ላይ ሁለት መካከሎች አሉ። አንደኛው ነፋሱ ሸራዎቹን ሁሉ ሲገፋ ግፊቱ የሚጠቃለልበት ነጥብ ነው። ሌላው ከታች ያለው የውኃው መቋቋሚያ ነጥብ ነው። የሸራው ነጥብ ወደ ኋላ ሲበዛ የጀልባዋ ጀርባ ይገፋል፣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውና ብዙዎች የሚረሱት ማጋደሉ ነው። ጀልባዋ ስታጋድል ሸራው ከጎኗ አልፎ ውኃው ላይ ይንጠለጠላል፤ ወደ ፊት የሚጎትታት ኃይል በመካከሏ መሆኑ ይቀርና በጎን ይሆናል። ጋሪን በአንድ ጎን በታሰረ ገመድ ብቻ ጎትቱት፤ ወዴት ይዞራል? ያው ነው። ስለዚህ ባጋደለች ቁጥር ወደ ነፋስ ትጎትታለች፣ አንተ በመሪው ትቃወማለህ፣ መሪው ይከብዳል።

ሽማግሌው የለቀቀው የዋናውን ሸራ ገመድ ነው፣ እወራረዳለሁ። ሸራው ትንሽ ነፋስ አፈሰሰ፣ ጀልባዋ ቀና አለች፣ መሪው ቀለለ። ምሥጢሩ ይኸው ነው። ያም አልበቃ ሲል የሸራው ስፋት ከታች ታጥፎ ይቀነሳል። ሸራ ስለቀነሱ ይዘገያል ብለህ አትፍራ፤ የመሪ ሰሌዳው 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ተጣሞ ሲሄድ ሰሌዳ መሆኑ ቀርቶ ፍሬን ነው። እኔ በሁለተኛው በጋዬ ሸራ አልቀንስም ብዬ ክንዴ እስኪደነዝዝ ታግዬ፣ ጎናችን ያለች ጀልባ በትንሽ ሸራ ቀጥ ብላ ስታልፈኝ አይቻለሁ። ጀልባዋን የሚነዱት ሁለት አሮጊቶች ነበሩ፤ አንዷ ሹራብ ትሠራ ነበር።

የቀድሞ ባሕርተኛ (ለገሃሬ)
ልጄ፣ ያልሽው ትክክል ነው። እንግዲያው ምንም የማይጎትት መሪ የተሻለ ነው ማለት ነው። እጅ ሲለቁት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ጥሩ ጀልባ ነው።

የጁገል ልጅ (ቶሮንቶ)
አባዬ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ትንሽ መጎተቷ ያስፈልጋል፤ የመሪ ሰሌዳው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያህል ቢጣመም ጤነኛ ነው። አንደኛ፣ ያ ትንሽ ማዕዘን ሰሌዳውን እንደ ክንፍ ያደርገውና ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ያግዛል። ሁለተኛ፣ መሪው ከእጅ ቢያመልጥ ጀልባዋ ራሷ ወደ ነፋስ ዞራ ትቆማለች። ጨርሶ የማትጎትት ጀልባ አፍንጫዋን ከነፋሱ አሽሽታ ልትሄድ ትችላለች፤ አንተ ውኃ ውስጥ ሆነህ እሷ ስትርቅ ማየት ጥሩ አይደለም። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ምንም የማይጎትት መሪ ምንም አይነግርህም። የ404 አባት ስለ ልጃቸው መኪና ያሉትን ያስታውሱ።

የቀድሞ ባሕርተኛ (ለገሃሬ)
እኔ ስለ መርከብ ነው የተናገርሁት። በመርከብ ሸራ የለም። ስለ መሪው መናገር የምትይው ግን ገብቶኛል። ምፅዋ ላይ ባለ ሸራ መለማመጃ ጀልባ ነበረን፤ አለቃችን ዓይናችንን በጨርቅ አስሮ መሪ ያስይዘን ነበር። ጉንጫችን ላይ በሚነካን ነፋስና በእጃችን ብቻ ቀጥ ብለን እንድንሄድ ነው። ያን ጊዜ ቅጣት መስሎን ነበር።

የአወዳይ ሾፌር
ከአወዳይ ድሬ ኤርፖርት ጫት አመላልሳለሁ። ከኋላ ብዙ ሲጫን ፊቷ ይቀልና መሪው ይፈዛል፤ አዞራለሁ፣ ጎማው መሬቱን አይነክስም። ጀልባም እንዲህ ናት?

የጁገል ልጅ (ቶሮንቶ)
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። ጀልባም ጭነት ትለያለች፣ ግን በሌላ መንገድ። ሰውና ዕቃ አፍንጫው ላይ ሲበዛ ፊቷ ውኃው ውስጥ ይሰምጣል፤ ቀደም ሲል የነገርኋችሁ የውኃ መቋቋሚያ ነጥብ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ነፋስ መጎተቷም ይብሳል። ስለዚህ የከዚራ ልጅ፣ መሪው ሲከብድህ አፍንጫው ላይ ተቀምጦ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ካለ ወደ ኋላ ጥራው።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ነበረ! የሽማግሌው የእኅት ልጅና ጓደኞቹ፣ ሦስት ሆነው አፍንጫው ላይ ነበሩ። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ወደ ኋላ በሞተር ስትሄድ መሪዋ ምን ይሆናል? ወደቡ ጠባብ ነው፣ ሽማግሌው ያንንም እንድሞክር ይፈልጋል።

ሞተረኛው (ከመርከብ ላይ)
በሁለት እጅህ ያዘው፣ ክንዶቹ መካከል ግን እጅህን አታስገባ። ወደ ኋላ ስትሄድ ውኃው የመሪ ሰሌዳውን ከጀርባው ይመታውና በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። በመጀመሪያ ደግሞ ጀልባዋ መሪውን ሳትሰማ ጀርባዋን ወደ አንድ ጎን ትወስዳለች፤ ይህ የፕሮፔለሩ ሥራ ነው። ወደ ፊት ሲነዳ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሲሆን ጀርባዋን ወደ ግራ ይጎትታል። የእሱ ወዴት እንደሆነ ጠይቀውና አስቀድመህ አስብበት።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ተመልሻለሁ። ባለፈው ዓርብ ሄድን።

ከመነሣታችን በፊት ገመዱን አየን፤ ጥቂት ላልቶ ነበርና ሽማግሌው አጠበቀው። መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ዙር ነው። መካከሉን ልፈልግ ስል አንዱ ክንድ ላይ የተጎነጎነ ቀጭን ገመድ እጄን ነካው። ጥር ላይም እዚያው ነበር፤ ሙሉ ቀን ይዤው ውዬ አላየሁትም።

ከወደቡ ወጥተን ክፍት ውኃ ላይ ስንደርስ የአቶ 404ን ሜዳ ሠራሁ። ሩብ ዙር ሰጥቼ ቆጠርሁ። አፍንጫዋ እስክትነቃነቅ ሦስት ያህል እቆጥራለሁ። ጥር ላይ በዚያ ሦስት ቁጥር ውስጥ ነበር ሌላ ግማሽ ዙር የምጨምረው። አሁን ሰጠሁ፣ እጄን አቆምሁ፣ ዝም አልሁ። ከታጁራ ማዶ ያለውን ተራራ መረጥሁና እሱን ይዤ ሄድሁ። ዱካችን ቀጥ ያለ አልነበረም፣ ግን ሰካራሙ ቢያንስ ቤቱን ያውቃል።

እኩለ ቀን ሲሆን የምሥራቁ ነፋስ በረታ። መሪው ወደ ነፋሱ መሳብ ጀመረ፣ መጀመሪያ እንደ ሕፃን እጅ፣ ቆይቶ እንደ በሬ። ያን ጊዜ መታገሌን ትቼ ሸራውን ቀና ብዬ አየሁ፤ የዋናውን ሸራ ገመድ አንድ ክንድ ያህል ለቀቅሁ፣ የእኅቱን ልጅም ወደ ኋላ ጠራሁት። ጀልባዋ ቀና አለች። መሪው እጄ ውስጥ ቀለለ፣ ግን አልሞተም፤ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ይጎትታል። ሽማግሌው ከታች ሆኖ ማጋደሏ ሲቀንስ ተሰማው መሰለኝ፣ ራሱን ብቅ አድርጎ አየኝ። ምንም አላለም። ቡና ሰጠኝ።

ስንመለስ ግን ተሸነፍሁ። ነፋሱም ማዕበሉም ከኋላ ሆነ። ማዕበሉ ጀርባዋን ያነሣታል፣ አፍንጫዋ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ እኔ ስመልስ ሁልጊዜ ዘግይቻለሁ። ሽማግሌው ሳያይ ያደርገዋል፤ ጀርባዋ መነሣት ስትጀምር፣ ገና ሳትዞር፣ ሩብ ዙር ሰጥቶ ይመልሳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ እጁን ስመለከት ነበር፤ አልያዝሁትም።

አንድ ያልጠበቅሁትም መጣ። በማግስቱ ቅዳሜ ትንሿን የድሮ ጀልባዬን ይዤ ወጣሁና ወደ ማቆሚያው ስመለስ ግንቡን መታሁ። ብዙም አልተጎዳችም፤ ቀለም ብቻ።

የጁገል ልጅ (ቶሮንቶ)
ማዕበል ከኋላ ሲሆን ሁሉም ሰው ዓመት ይፈጅበታል፤ አትዘን። ማዕበሉን ዞር ብለህ አትመልከት እንጂ፤ እግርህ ሥር ወለሉ ሲነሣ ይሰማሃል፣ እሱን ጠብቅ።

የቀድሞ ባሕርተኛ (ለገሃሬ)
በርታ። ግንብ ያልመታ ባሕርተኛ አላውቅም። የእኔን ግንብ ለመጠገን የምፅዋ ግንበኞች ሳምንት ፈጅቶባቸዋል።

አራት መቶ አራት (ሐረር)
ልጄ፣ ሁለት ዓመት በነዳሃት ጀልባ እንዴት ግንብ ትመታለህ? ዘንጉን ወዴት ገፋኸው?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)
መሄድ ወደፈለግሁበት።